በቅርፊት ውስጥ ስለሚሞቱ ጫጩቶች

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነኝ። በማስፈልፈያ ያስቀመጥኋቸው እንቁላሎች ጥቂት ከተሰበሩ በኋላ ጫጩቶቹ ሳይወጡ ሞቱ። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፤ ፍጥረት በቅርፊት ተሰውሮ በሚፈጸምበት በዚህ የ21 ቀን ዘመን፣ ሙቀቱ በ37.5 ዲግሪ መጽናቱ ዋነኛ ነገር ቢሆንም፣ ጫጩት በመውጫው ሰዓት ታፍኖ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ከእርጥበት ጉድለት የተነሣ ነው፤ ይልቁንም በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ እንቁላል ውሃውን ፈጥኖ ያጣል። ስለዚህ እስከ 18ኛው ቀን በየዕለቱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ካገላበጡ በኋላ፣ ማገላበጡን ትተው፣ የማስፈልፈያውን የውሃ ሳህን ለብ ባለ ውሃ ሞልተው እርጥበቱን ወደ 65 ከመቶ ከፍ ያድርጉት። ከዚያ ወዲያ ድምፅ ቢሰሙም ክዳኑን አይክፈቱ፤ ርኅራኄ የሚመስለው መክፈት ውስጠኛውን ስስ ሽፋን እንደ ብራና አድርቆ ጫጩቱን ያስረዋልና። የተፈለፈለውም ከአስኳሉ የቀረ ስንቅ ስላለው አንድ ቀን ሙሉ ያለ ምግብ ይቆያል።