ከመናገር በፊት መመርመር

በኢትዮጵያ የራዲዮ ሥርጭት የተጀመረው በ1927 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ጣቢያውም በአዲስ አበባ አጠገብ በአቃቂ ነበረ። ዛሬ ግን በየክልሉ ብዙ ጣቢያዎች አሉ፤ የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትዎርክም መቀመጫው በአዳማ ነው።

ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ያልገባውን ቃል ተመልሶ ያያል፤ በራዲዮ የተነገረ ቃል ግን እንደ ነፋስ ያልፋል። ስለዚህ የራዲዮ አዘጋጅ ለዓይን ሳይሆን ለጆሮ ይጽፋል፤ ዐረፍተ ነገሩን ያሳጥራል፤ የጻፈውንም አስቀድሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል።

ከአቦምሳ ሄዶ በአዳማ የሚማር የኮሌጅ ተማሪ ይህን ሥራ ቢጀምር፥ በመጀመሪያ የሚያስደስተው የገዛ ድምፁ ነው። ሰሚዎቹ ግን ድምፁን ሳይሆን ቃሉን ይዘው ይሄዳሉ። የእህልን ዋጋ ከአንድ ነጋዴ ብቻ ሰምቶ ሳይመረምር ቢናገር፥ በአቦምሳ ያለ ገበሬ እርሱን አምኖ የዓመት ድካሙን በርካሽ ይሸጣል። ወሬው በማግስቱ ቢታረም እንኳ የተሸጠው እህል ወደ ጎተራው አይመለስም፤ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የተባለው ስለዚህ ነው።

እንዲሁም አንድ አዛውንት በረጅሙ የነገሩትን ቀርጾ ጥቂቱን ብቻ ሲያሰማ፥ ንግግራቸውን ያሳጥር እንጂ ሐሳባቸውን አያጣምም፤ እርሳቸው በጣቢያው ተገኝተው «እንዲህ አላልሁም» ሊሉ አይችሉምና።

ስለዚህ አስተዋይ አዘጋጅ የሰማውን ሌላ ሰው ሳይጠይቅ አያወራም። ቢሳሳትም ስሕተቱን በተናገረበት ሰዓት፥ በዚያው ራዲዮ፥ በግልጽ ያርማል። ሕዝብ የሚያምነውም እንዲህ ያለውን ነው።