መናራ፦ የወደቀው ብርሃንና የቃይትባይ ምሽግ



የቡሬው ፈጣምና በፍኖተ ሰላም በኩል ያለው ብር ሁለቱም ዓባይ ውስጥ ይገባሉ። ዓባይ ደግሞ አንዱ ክንዱ ረሺድ ላይ ከባሕር ይቀላቀላል፤ ከዚያ በስተምዕራብ እስክንድርያ አለች። የዛሬው ትምህርታችን ከዚያው ነው።

ሚናራ የምንለው በዐረብኛ «መናራ»፣ የብርሃን ስፍራ ማለት ነው። የመስጊዱም፣ መርከቦችን በእሳት የሚመራውም ማማ በዚሁ ስም ይጠራል። የእስክንድርያው መናራ ከእስልምና መምጣት ብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተሠራ ነው። ኢብን ጁበይር እ.ኤ.አ. በ1183 ሲያየው ጫፉ ላይ መስጊድ ነበር። ከዚያ የምድር መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ የ1303ቱ ከባድ ነበር። ኢብን ባጡታ በ1326 አንድ ጎኑ ፈርሶ አገኘው፤ በ1349 ሲመለስ ግን መግባትም አልቻለም። ሱልጣን አን-ናስር አጠገቡ ሌላ ማሠራት ጀምሮ ነበር፤ በ1341 ሞት ቀደመው። በ1365 የቆጵሮስ ንጉሥ በባሕር መጥቶ ከተማዋን ዘረፈ።

ፍርስራሹ ላይ እጁን ያነሣው ሱልጣን ቃይትባይ ነው። በ1477 (882 ሂ.) በዚያው ስፍራ ምሽግ አስጀመረ፤ የወደቀውን ድንጋይ ለግንቡ አዋለው፣ በዋናው ግንብ ውስጥም መስጊድ አኖረ። ከአን-ናስር ሞት እስከዚያ 136 ዓመት! ድንጋዩ ግን እዚያው ነበር።

ያለፈው ዓመት ተመራቂዎቻችን የጀመሩት የተፍሲር ሐለቃም ጁዝእ ዐመ ላይ ቆሟል። እሑድ ከዐስር ሰላት በኋላ ካቆሙበት እንቀጥላለን፤ ሙስሐፍ ይዛችሁ ኑ።