አንድ ቅጽና ሦስት ወላጆች

በዚህ እትም ልናጠናው የመረጥነው ጉዳይ ከደጃፋችን የራቀ አይደለም። በሜሪላንድ የሚገኙት የሞንትጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ወደ 160,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን ያስተምራሉ፤ ከእነዚህም መካከል በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የሚኖሩ የብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ይገኛሉ። ትምህርት ቤቶቹ ለወላጆች የሚልኩት ማስታወቂያ በአማርኛም ይተረጎማል። ይሁን እንጂ በአማርኛ መተርጎሙ አንድ ነገር ነው፤ ተነቦ መታወቁ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በየቤቱ «ፍርድ ቤቱ እኮ ለወላጆች ፈረደ» ሲባል እንሰማለን። በምኑ ላይ እንደ ፈረደ፣ ምኑን ደግሞ ሳይፈርድበት እንደ ተወው ስንጠይቅ ግን መልሱ ይደባለቃል። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ክሶችን ለይተን ለማየት እንሞክራለን። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ቃሉን እናስረዳ። ትራንስጀንደር የሚባለው ሰው ሲወለድ ከተመዘገበለት ጾታ የተለየ ጾታ እንዳለው ራሱን የሚያውቅ ነው፤ ወንድ ተብሎ ያደገ ሴት ነኝ ሲል፣ ወይም ሴት ተብላ ያደገች ወንድ ነኝ ስትል ማለት ነው። ስለዚህ ነገር በየቤታችን ያለው አስተያየት የታወቀ ነው፤ እዚህ መድገም አያስፈልገንም። የዛሬው ጥናታችን በልጅ፣ በወላጅና በትምህርት ቤት መካከል ስላለው መተማመን ነው።

የካውንቲው የትምህርት ቦርድ ለ2020–2021 የትምህርት ዘመን ስለ ተማሪዎች የጾታ ማንነት መመሪያ አወጣ። በመመሪያው መሠረት አንድ ተማሪ በትምህርት ቤት ውስጥ በሌላ ስምና በሌላ ጾታ መጠራት ቢፈልግ፣ ርእሰ መምህሩ ወይም ካውንስለሩ ከተማሪው ጋር ተቀምጦ አንድ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ወላጆች ነገሩን ያውቁ እንደ ሆነ ነው፤ ደግሞም የወላጆች ድጋፍ ምን ያህል እንደ ሆነ ከ1 እስከ 10 ባለው ቁጥር ምልክት ይደረግበታል። ወላጅን ከማነጋገር በፊት ተማሪውን ስለ ቤቱ ሁኔታ መጠየቅ እንደሚገባ መመሪያው ያዝዛል። ልጁ ወይም ወላጁ ሌላ ነገር ካላለ በቀር፣ ወደ ቤት ሲደወል ልጁ በሕጋዊ ስሙና በተወለደበት ጾታ ይጠራል። የተሞላው ቅጽም በተማሪው የግል ማኅደር ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው በጥብቅ ቦታ ይቀመጣል።

(እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ። በእንግሊዝኛ ጾታ የሚለየው ስለ ሰውየው በሩቅ ሲወራ ብቻ ነው፤ ፊት ለፊት ሲያነጋግሩት ግን ለወንዱም ለሴቷም ቃሉ አንድ ነው። በአማርኛ ግን እናት ልጅዋን ለእራት ስትጠራ «ና» ወይም «ነይ» ከማለት አታመልጥም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተጻፈው መመሪያ እንደ ቀላል ነገር የሚያየው የአጠራር ጉዳይ በእኛ ቤት በእያንዳንዱ ግሥ ላይ ይመጣል።)

መመሪያውን ያወጡት ሰዎች ምክንያት አላቸው። አንዳንድ ልጅ ነገሩ በቤቱ ቢሰማ ይደበደባል፣ ወይም ከቤት ይባረራል ብለው ይፈራሉ። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። በእኛም ማኅበረሰብ ቢሆን ልጅ በቁጣ ከቤት የወጣበት ጊዜ የለም ብሎ የሚምል ሰው አናገኝም። በሌላው ወገን ደግሞ የወላጆች ጥያቄ ቀላል አይደለም። ለሽርሽር ለመሄድ የወላጅ ፊርማ የሚያስፈልገው ልጅ በአንድ ትልቅ ጉዳይ ላይ ቤተሰቡ ሳያውቅ ከትምህርት ቤቱ ጋር እቅድ ሊያወጣ ይችላልን? በ1974 የወጣው የአሜሪካ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ተማሪ ወላጅ የልጁን የትምህርት ሰነድ የማየት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ታዲያ ይህ ቅጽ ከማኅደሩ ተለይቶ ለምን ይቀመጣል? የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ከ1920ዎቹ ጀምሮ ወላጅ የልጁን አስተዳደግ የመምራት መብት እንዳለው ደጋግሞ ተናግሯል፤ በ1925 ስለ ግል ትምህርት ቤቶች የሰጠው ፍርድና በ2000 ስለ አያቶችና ስለ እናት የሰጠው ፍርድ በዚህ ረገድ ዘወትር ይጠቀሳሉ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለው ያገራችን አባባል የእነዚህን ወላጆች ስሜት በአጭሩ ይገልጸዋል።

እንግዲህ በ2020 ሦስት ወላጆች ስማቸው ሳይገለጥ ቦርዱን ከሰሱ። የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በ2022 ክሱን ዘጋው፤ መመሪያው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም በማለት። ወላጆቹ ይግባኝ አሉ። በኦገስት 2023 አራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት 2 ለ1 በሆነ ድምፅ እንደገና ዘጋው፤ ነገር ግን ምክንያቱ ፍጹም የተለየ ነበር። ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነውና በጥሞና ይነበብ።

የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ኳትልባም መመሪያው መልካም ነው አላሉም፤ መጥፎ ነውም አላሉም። ያሉት ከሳሾቹ በራሳቸው ላይ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ጉዳት አላሳዩም ነው። ከሦስቱ ወላጆች አንዱም ልጄ ትራንስጀንደር ነው፣ ወይም ይህ ቅጽ ተሞልቶለታል፣ ወይም ሊሞላለት ይችላል የሚያሰኝ ምልክት አይቻለሁ አላለም። ጉዳት የሌለበት ክስ በፌዴራል ፍርድ ቤት አይታይም። ይህ ሐሳብ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1965 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ33ኛው አንቀጽ በጉዳዩ ላይ ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ ሊሆን አይችልም ይላል። ዳኛው ጨምረው የወላጆቹ ተቃውሞ አሳማኝ ሊሆን እንደሚችል፣ ነገር ግን የፖሊሲ አለመስማማት በምርጫ ሣጥን እንጂ በዳኞች ፊት እንደማይፈታ አስረድተዋል።

ሦስተኛው ዳኛ፣ ኒሜየር፣ በዚህ አልተስማሙም። መመሪያው ራሱ ለሁሉም ወላጅ የሚመለከት ስለ ሆነ፣ ወላጆቹ ከወዲሁ መጠየቅ ይችላሉ የሚል ነበር ሐሳባቸው። እኛም ነገሩን ስናጠና የቆምነው በዚሁ ቦታ ላይ ነው። ቅጹ የሚሞላው ወላጅ ሳያውቅ ከሆነ፣ የተጎዳው ወላጅ መጎዳቱን በምን ያውቃል? ካላወቀ አይከስም፤ ካወቀ ደግሞ ምስጢሩ አስቀድሞ ተገልጧል ማለት ነው። የብዙኃኑ ፍርድ በሕግ በኩል ሥርዓት ያለው ነው፤ ይህን ቋጠሮ ግን አልፈታውም ብለን እናምናለን። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2024 ጉዳዩን ለማየት አልተቀበለውም። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ከዊስኮንሲን የመጣውን ተመሳሳይ ክስ ሳይቀበል ሲቀር ግን ከዳኞቹ መካከል ሦስቱ መታየት ነበረበት የሚል አቋም ይዘው ነበር።

የሌላ አገር ምሳሌ ብናይ ልዩነቱ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድሺር የአካባቢ ምክር ቤት በ2019 ስለ ትራንስጀንደር ተማሪዎች ለትምህርት ቤቶች መመሪያ አውጥቶ ነበር። ያንን በፍርድ ቤት የተቃወመችው ራስዋ ተማሪ የሆነች የ13 ዓመት ልጅ ነበረች፤ የመጸዳጃና የልብስ መለወጫ ክፍሎች ጉዳይ በቀጥታ ይነካታል። ፍርድ ቤቱ ክሱ እንዲታይ ፈቀደ፤ ምክር ቤቱም ሙግቱ ሳያልቅ በ2020 መመሪያውን አነሣ። በስኮትላንድም በቦርደርስ አካባቢ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወላጆች በአዲሱ ሕንፃ ስላለው መጸዳጃ ቤት ምክር ቤቱን ከሰው፣ በ2025 ረቱ፤ ለወንዶችና ለሴቶች ልጆች ለየብቻ መጸዳጃ ቤት እንዲኖር የሚያዝዝ የ1967 ደንብ ስለ ነበር ምክር ቤቱ ራሱ ስሕተቱን አመነ። በሁለቱም ቦታ ከሳሹ እጁን የሚያሳርፍበት የተጨበጠ ነገር ነበረው፤ ክፍል፣ በር፣ የተጻፈ ደንብ። የሞንትጎመሪዎቹ ሦስት ወላጆች ግን የከሰሱት ሊሆን ስለሚችል ዝምታ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክስ እንምጣ፤ ብዙ ሰው ከመጀመሪያው ጋር የሚያደባልቀው ይህን ነው። በ2022 መጨረሻ ያው ቦርድ ለትንንሽ ልጆች የሚነበቡ አንዳንድ የተረት መጻሕፍትን አጸደቀ፤ በውስጣቸው ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻና ስለ ትራንስጀንደር ልጅ የሚተርኩ ነበሩባቸው። በመጀመሪያ ወላጅ ከፈለገ ልጁ ከንባቡ ሰዓት እንዲወጣ ይፈቀድ ነበር፤ በማርች 2023 ግን ይህ ፈቃድ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ እንደማይኖር ተነገረ። ያን ጊዜ በሮክቪል፣ በቦርዱ ጽሕፈት ቤት ደጅ፣ ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ወላጆች ጎን ለጎን ቆመው ሲቃወሙ ታዩ። በአገር ቤት ለቅሶና ሠርግ አብረው የሚውሉ ሰዎች በባዕድ አገር በልጅ ጉዳይ አብረው መቆማቸው አያስደንቅም፤ የአሜሪካ ጋዜጦች ግን ተደንቀው ጽፈውታል።

ከሌሎች ሃይማኖቶች የመጡ ወላጆችም ያሉበት ይህ ክስ በሁለቱ የበታች ፍርድ ቤቶች ተሸንፎ፣ በጁን 2025 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 ረታ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ አሊቶ ናቸው፤ ዳኛ ሶቶማየር ተቃውመው ጽፈዋል። ትእዛዙም ሙግቱ እስኪያልቅ ድረስ ወላጆቹ ስለ ንባቡ አስቀድሞ እንዲነገራቸውና ልጆቻቸው ከክፍል እንዲወጡ እንዲፈቀድላቸው ነው። በዚህኛው ክስ መጻሕፍቱ በክፍል እንዲነበቡ የጸደቁ መሆናቸው የታወቀ ነበር፤ የተነካውም መብት የሃይማኖት ነፃነት ነው። ስለዚህ የ2025ቱ ፍርድ ስለ መጻሕፍቱ ነው። ስለ ቅጹ አይናገርም። «መመሪያው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደቀ» እያሉ በየቡናው የሚያወሩ እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን ቢያውቁ መልካም ነው፤ ተፈቅዶልኛል ብሎ የተቀመጠ ሰው ማስታወቂያ አያነብምና።

ዳኛ ኳትልባም ስላሉት የምርጫ ሣጥንም ጥቂት እንበል። የካውንቲው ቦርድ ስምንት አባላት አሉት። ሰባቱን ለአራት ለአራት ዓመት የሚመርጠው ሕዝብ ነው፤ ዜግነት ያልወሰደ ወላጅ ግን በዚህ አይመርጥም። ስምንተኛው አባል ተማሪ ነው፤ በየዓመቱ የሚመርጡትም የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። እንግዲህ በአንዳንድ ቤት የምርጫ ካርድ የሌለው አባት ከአንድ ጣራ ሥር የሚኖረው የ12 ዓመት ልጁ ግን በቦርዱ ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ይመርጣል። አባት ይህን አያውቅም፤ ልጁም መናገር የሚያስፈልገው ጉዳይ አይመስለውም። መምረጥ ለማይችሉ ወላጆችም ቦርዱ በስብሰባው ላይ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ጊዜ አለ።

ወደ ቅጹ እንመለስና፣ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ያ ከ1 እስከ 10 ያለው ቁጥር ነው። የእኛ ቤት ልጅ ስንት ብሎ ይመልሳል? ካውንስለሩ ሲጠይቀው ልጁ የሚያስበው አባቱ በዜና ላይ ስለ ሌላ ሰው የተናገረውን ኃይለ ቃል ነው። ያ አባት ግን በሌሊት ፈረቃ እየሠራ፣ ልጁ ሲታመም በድንገተኛ ክፍል ወንበር ላይ የሚያድር ነው፤ ያንን ቅጹ አይጠይቅም። ልጁ 2 ብሎ ቢመልስ አልዋሸም፤ አባቱንም ሙሉ በሙሉ አላወቀውም። እንዲሁም ወላጅ «የማወቅ መብት አለኝ» ሲል እውነት አለው፤ ባወቀ ማግስት ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም ፍርድ ቤት አይጠይቀውም። ወላጅን በሩቅ ማቆየት ትምህርት ቤት እንደ ልማድ ሊይዘው አይገባም ብለን እናስባለን፤ አደጋ ያለበት ቤት ካለ ግን ልጁን መሸሸግ ተገቢ ነው። የትኛው ቤት የትኛው እንደ ሆነ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ልጅ ቃል ብቻ መለየት የሚቻል አይመስለንም።

ለሚቀጥለው እሑድ ውይይት የምናነሣቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከሳሾቹን ጉዳታችሁን አሳዩ ማለቱ ትክክል ነውን፣ ወይስ ኒሜየር እንዳሉት መመሪያው ራሱ በቂ ነበር? ልጅ ለመምህሩ የነገረውን ለወላጁ ያልነገረው ለምንድር ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ሁልጊዜ ፍርሃት ነውን? ወጣቶች ወደ ውይይቱ ስትመጡ የቅጹን ቁጥር ለየራሳችሁ መልሱ። ወላጆችም ልጄ ስንት ይላል ብላችሁ የምትገምቱትን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ አጥፋችሁ ያዙ። ወረቀቶቹን አንሰበስብም፤ ማሳየት የሚፈልጉ እናትና ልጅ፣ አባትና ልጅ ካሉ እርስ በርሳቸው ይለዋወጡ።