«ወላሂ እሱ ነው!» ብዬ ነበር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዒሻ ሶላት ስመለስ ሁለት ጎረምሶች ጨለማ ውስጥ አስቆሙኝ። አንደኛው ቢላዋ አንገቴ ሥር ደቀነ፤ ሌላው ኪሴን በርብሮ ሞባይሌንና የያዝኩትን ብር ወሰደ። ነገሩ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። በሦስተኛው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቼ ስሄድ አንድ ወጣት ብቻውን አቁመው «ይኸ ነው አይደል?» አሉኝ። ሳላመነታ «ወላሂ እሱ ነው!» አልኩ። ልጁ ዘጠኝ ቀን ታሰረ። ኋላ ግን በዚያች ምሽት ወልቂጤ ለቅሶ ላይ አድሮ እንደነበር ብዙ ሰዎች መሰከሩለትና ተለቀቀ።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ አልዋሸሁም። ታዲያ ያልዋሸ ሰው እንዴት በሐሰት ይመሰክራል? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ስለነሳኝ ጥናቶችን ማገላበጥ ያዝኩ።

«የደነገጠ ሰው ያየውን አይረሳም» ሲባል ሰምተን አድገናል። ቻርልስ ሞርጋን የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው ጥናት ግን ሌላ ነው የሚለው። ከ500 በላይ የአገሪቱ ወታደሮች ለሥልጠና ሲባል በተዘጋጀ የምርኮኛ ካምፕ ውስጥ ሁለት ዓይነት ምርመራ ተደረገባቸው፤ አንዱ በማዋከብና በኃይል፣ ሌላው ረጋ ባለ ሁኔታ። መርማሪውን ከግማሽ ሰዓት በላይ ፊት ለፊት አይተውታል። በኋላ ሰዎች ተሰልፈው ሲቀርቡላቸው፣ ረጋ ባለው ምርመራ ያገኙትን ሰው በትክክል የለዩት 62 በመቶ ሲሆኑ ያስጨነቃቸውን የለዩት ግን 30 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወታደር እንዲህ ከሆነ እኔ ብዕር ብቻ የያዝኩት ምን ልሆን ነው?

ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ድንጋጤ ዓይንን አደጋው ላይ ይቸነክረዋል። የዚያን ቢላዋ እጀታ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፤ ቢጫ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል። ከቢላዋው በላይ የነበረው ፊት ግን ባዶ ነበር፤ ባዶውን የሞላው ጣቢያ ውስጥ የቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ኤልሳቤጥ ሎፍተስ የተባለችው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1974 ይህንኑ አሳይታለች። የመኪና ግጭት ፊልም ያዩ ተማሪዎች «ሲላተሙ» ተብለው ሲጠየቁ፣ «ሲነካኩ» ከተባሉት ይልቅ ፍጥነቱን አብዝተው ገመቱ። በሌላ ሙከራዋም ፊልሙ ላይ ያልነበረ የተሰባበረ መስታወት «አይተናል» ያሉ ነበሩ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የጄኒፈር ቶምፕሰን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በሰሜን ካሮላይና የ22 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ሳለች አንድ ሰው አስገድዶ ደፈራት። ከተረፈች ልታስይዘው ቆርጣ ፊቱን በጥንቃቄ አጠናች። ከፎቶዎች መካከል ሮናልድ ኮተንን መረጠች፤ ቀጥሎ ከተሰለፉ ሰዎች መካከል እሱኑ መረጠች። ፖሊሶቹ ከፎቶው የመረጠችው ያንኑ ሰው መሆኑን ሲነግሯት ጥርጣሬዋ ሁሉ ጠፋ። ኋላ እውነተኛው ወንጀለኛ ቦቢ ፑል ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲታይ «አይቼው አላውቅም» አለች። ኮተን ከአሥር ዓመት በላይ ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1995 በዲኤንኤ ምርመራ ነፃ ወጣ።

የእኛ የሐዲስ ዑለማዎች ይህን ክፍተት ቀድመው አስበውበታል። ከአስተላላፊው ዓዳላ ብቻ አልጠየቁም፤ ደብጥም ጠይቀዋል። ማለትም ታማኝ መሆኑ ሳይበቃ፣ የሰማውን በትክክል የመያዝ ችሎታው ለብቻው ይመዘን ነበር። በእርጅናው ትዝታው የተደበላለቀበት ቢኖር፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ያስተላለፈውን ይለዩ ነበር። እኔ ጣቢያ ውስጥ በመሐላዬ ያስያዝኩት ዓዳላዬን ነው፤ ስለ ደብጤ የጠየቀኝ አልነበረም።

ሰው ለመለየት ተጠርጣሪን ብቻውን ማቆም አይገባም። ከሚመሳሰሉት ጋር ይሰለፍ፤ የሚያሰልፈውም ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ፖሊስ ይሁን። ምስክሩም «ወንጀለኛው ከመካከላቸው ላይኖር ይችላል» ይባል። ይህ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ልጁን ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። እናቱ ቡና አፍልተው ነው የተቀበሉኝ፤ ከዚያ በላይ ያሳፈረኝ ነገር የለም። የሚገርመው ግን፣ አሁንም ያን ምሽት ሳስበው ከቢላዋው በላይ የማየው የእሱን ፊት ነው።