የዱባ ዝንብን በማማለያ ወጥመድ መያዝ፦ ወጥመዱ ባዶ ሲሆን ምን ማለት ነው?

በሮቤና በጎባ ዙሪያ የጓሮ ዱባ ገና ጨቅላ ፍሬ ሳለ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ ብዙዎቻችን «ውርጭ መታው» ብለን እናልፈዋለን። ከመጣልዎ በፊት ፍሬውን በቢላ ይሰንጥቁት። ውስጡ ነጫጭ ትል ካገኙ ጥፋቱ የፍራፍሬ ዝንብ ነው። እንስቷ ልጣጩን ወግታ እንቁላሏን ከሥሩ ትጥላለች። ትሉ ሥጋውን በልቶ ካደገ በኋላ አፈር ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ቆይቶም ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። ፍሬው ውስጥ ያለውን ትል በላዩ የምንረጨው መድኃኒት አያገኘውም። ስለዚህ የሚታደነው በራሪው ዝንብ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከገበያ የተገኘ ማማለያ ሁሉ ሁሉንም ዝንብ አይጠራም። ሜቲል ዩጂኖል የሚስበው እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ውስጥ ተገኝቶ በኋላ ወደ አገራችንም የገባውን የማንጎ ዝንብ ነው። ወደ ደሎ መና ወርደው ማንጎ የሚያለሙ ከሆነ ይጠቅምዎታል። ኪዩሉር ደግሞ የሐብሐብ ዝንብን ይጠራል። ሁለቱም የሚይዙት ወንዱን ብቻ ነው። ዱባን፣ ዝኩኒንና ኪያርን የሚያጠቃው፣ በዓለም «የኢትዮጵያ የፍራፍሬ ዝንብ» በሚል ስም የሚታወቀው ትንሹ የዱባ ዝንብ ግን ለሁለቱም አይመጣም። ሜቲል ዩጂኖል ሰቅለው ወጥመዱ ባዶ ቢሆን ማሳዬ ንጹሕ ነው ብለው አይዘናጉ።

ለዱባ ዝንብ የሚሻለው የፕሮቲን ማማለያ ነው። እንስቷ እንቁላሏን ለማብሰል ፕሮቲን ስለምትፈልግ ወንዱም ሴቷም ይመጣሉ። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይውሰዱ፤ ከወገቡ በላይ እርሳስ የሚያሾልክ ቀዳዳ በየጎኑ ይብሱ። ማማለያውን በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን በጥብጠው ሦስት ጣት ያህል ይሙሉ። ከማሳው ጠርዝ በበቆሎ ወይም በአጥር ጥላ ሥር ይስቀሉት፤ ጉንዳን እንዳይወርድበት ሽቦውን ግራሶ ይቀቡ። በየሳምንቱ የያዘውን ቆጥረው ይመዝግቡ፣ ፈሳሹንም ይቀይሩ። ዝናብ የገባበት ማማለያ ሽታው ይቀንሳልና በገናም በቦናም ወቅት ዶፍ ከጣለ በኋላ ይዩት።

ወጥመድ ብቻውን ማሳ አያድንም። በእኔ እይታ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የወደቀና የተወጋ ፍሬ በየሁለት ቀኑ መልቀም ይቀድማል። ፍግ ላይ አይጣሉት፤ ትሉ እዚያው ክንፍ አውጥቶ ይመለሳል። ግማሽ ሜትር ጠልቆ ይቀበር። በላስቲክ አስሮ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥም ይቻላል፤ የእኛ አገር ደመና ግን ብዙ አያስተማምንምና መቅበሩ ይሻላል። አበባው ከረገፈ በኋላ ትንሹን ፍሬ በወረቀት መጠቅለል ለጓሮ ዱባ በቂ ሥራ ነው። በአበባ ወቅት ማሳውን ሙሉ መርጨት ንብ ይገድላል፤ ንብ የሌለው ዱባ ደግሞ ፍሬ አይዝም።

ጎረቤትዎ የበሰበሰ ዱባውን አጥር ሥር ከተወ ዝንቡ ወደ እርስዎ ይሻገራልና ለቀማውን ከልማት ቡድንዎ ጋር በአንድ ቀን ያድርጉት። በወጥመዱ የተያዘውን ዝንብ ዓይነቱን መለየት ካቃተዎት በንጹሕ ብልቃጥ ከተው፣ የተገኘበትን ሰብልና ቀን ጽፈው ለቀበሌዎ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይስጡ።