ድረ ገጽን በማስታወቂያ ቦታ መለወጥ፦ ሳይሰፍሩ አይስጡ

በአገራችን ገጠር ገበያ እህል በጨው፣ ቡና በበርበሬ ይለወጥ እንደ ነበር ብዙዎቻችን ከወላጆቻችን ሰምተናል፤ አንዳንዶቻችንም በዓይናችን አይተናል። ያን ጊዜ ለዋጭ ሁሉ መስፈሪያ ነበረው። ሳይሰፍር የሚሰጥም ሆነ ሳይሰፈርለት የሚቀበል አልነበረም። ዛሬ በአሜሪካ ሱቅ ከፍተን ወይም ታክሲ ይዘን ስንሠራ ያው የጥንቱ የዓይነት ልውውጥ በአዲስ መልክ ይመጣብናል። ልውውጡ መጥፎ አይደለም። መጥፎው ነገር መስፈሪያውን ትተን መምጣታችን ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። የእንጀራና የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት አሉ እንበል። ደንበኞቻቸው «ድረ ገጽ የለዎትም ወይ?» እያሉ ይጠይቋቸዋል። አንድ ቀን ኮምፒዩተር የሚያውቅ የሠፈር ልጅ ይመጣና «እትዬ፣ ገንዘብ አያውጡ። ድረ ገጽዎን በእኔ ኮምፒዩተር ላይ በነጻ አስቀምጥልዎታለሁ፤ እርስዎ ደግሞ የእኔን ማስታወቂያ በሱቅዎ መስታወት ላይ ይለጥፉልኝ» ይላቸዋል። ተመራርቀው ይለያያሉ። ወረቀት የለም፣ ዋጋ አልተጠቀሰም፣ የድረ ገጹ ስምም በልጁ ስም ተመዝግቧል። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁ ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ስቴት ይሄዳል። ስሙን የማሳደሻው ቀን ያልፋል፤ ድረ ገጹ ይጠፋል። በላስቲኩ፣ በደረሰኙና በቢዝነስ ካርዱ ላይ የታተመው አድራሻ ባዶ ይሆናል። ልጁ ሌባ አልነበረም፣ እሳቸውም ሞኝ አይደሉም። የጎደለው ልኩ ብቻ ነበር። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ስፖንሰር ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ዘመድ የሚያስመጣው ሰው ነው። በንግድ ግን ስፖንሰር ማለት ወጪ የሚሸፍንልዎትና በምትኩ ስሙን እንዲያስተዋውቁለት የሚፈልግ ድርጅት ነው። ስለዚህ ማስተናገጃ (ሆስቲንግ) የሚሰጥ ድርጅት ዘንድ ሄደው ስፖንሰር ይሁነኝ ሲሉ ምጽዋት እየለመኑ አይደለም። ዕቃ ይዘው ገበያ ወጥተዋል፤ ዕቃዎም የደንበኞችዎ ዓይን ነው።

1. ልኩን በዶላር ያስቀምጡ

መጀመሪያ የሚቀበሉትን ይስፈሩ። ለትንሽ ሱቅ የሚበቃ ማስተናገጃ በወር ከጥቂት ዶላር ጀምሮ ይገኛል። ነገር ግን በማስታወቂያ የሚነገረው ዋጋ ብዙውን ጊዜ ለመጀመሪያው ዘመን ብቻ ስለ ሆነ፣ ሲታደስ የሚጠየቀውን ዋጋ ይመልከቱ። ቀጥሎ የሚሰጡትን ይስፈሩ። በቀን ስንት ሰው ሱቅዎ ይገባል? ታክሲዎ በሳምንት ስንት ሰው ያሳፍራል? በዚያው ሠፈር አንድ ነጋዴ ለተመሳሳይ ማስታወቂያ ስንት ይከፍላል? የሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቀው መካከለኛውን ይያዙ።

ለምሳሌ ማስተናገጃው በወር 20 ዶላር ቢሆን በዓመት 240 ዶላር ነው። የመስታወትዎ ቦታ ደግሞ በወር 40 ዶላር ቢያወጣ በዓመት 480 ይሆናል። እንግዲህ 240 ዶላር ይቀርዎታል ማለት ነው። ይህንን በጥሬ ገንዘብ መጠየቅ ባይፈልጉ በሥራ ይጠይቁ፦ የኢሜይል አድራሻ፣ በየወሩ የድረ ገጹን ቅጂ፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ የዋጋ ዝርዝር ማስተካከል። ቁጥሩ ከሌለ ግን ልዩነቱ መኖሩን እንኳ አያውቁም።

2. «በነጻ» የተባለው በግብር ፊት ነጻ አይደለም

የፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት (አይ.አር.ኤስ.) የዓይነት ልውውጥን እንደ ገቢ ይቆጥረዋል። የሚቆጥረውም በተቀበሉት ነገር የገበያ ዋጋ ነው። በእጅዎ ገንዘብ አለመግባቱ ምክንያት አይሆንም። ሱቁ ወይም ታክሲው በግል ስምዎ የሚሠራ ከሆነ የሚገባው በስኬጁል ሲ ላይ ነው። ልውውጡን የሚያገናኝ ድርጅት በመካከል ካለ 1099-ቢ የሚባል ፎርም ይልክልዎታል። ሁለታችሁ በቀጥታ ከተለዋወጣችሁ ግን ምንም ፎርም ላይመጣ ይችላል። ፎርም አለመምጣቱ ገቢውን ከማስመዝገብ አያድንም።

ይህን ሲሰሙ አይደንግጡ። ከላይ ባየነው ምሳሌ የ240 ዶላር ማስተናገጃ ቢቀበሉ፣ 240 ዶላር በገቢ በኩል ይጽፋሉ። ድረ ገጹ ለንግድዎ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ደግሞ ያንኑ 240 ዶላር በወጪ በኩል ይጽፋሉ፤ ሒሳቡ ይጣፋል። የተቀበሉት ነገር ለግል ጉዳይ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ የልጅዎን የሠርግ ፎቶግራፍ ማስቀመጫ ቢሆን፣ ወጪው አይያዝልዎትም፤ ገቢው ብቻውን ይቀራል። በግሉ የሚሠራ ሰው ደግሞ የዓመት የተጣራ ትርፉ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሆን ከመደበኛው የገቢ ግብር በተጨማሪ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 15.3 በመቶ የሚታሰብበት መሆኑን አይርሱ።

በማስታወቂያ ቦታ ፋንታ በርበሬ፣ ቡና ወይም የተሠራ ምግብ የሚሰጡ ከሆነ ደግሞ በስቴትዎ የሽያጭ ታክስ ሊያስከትል ስለሚችል የስቴቱን የግብር መሥሪያ ቤት ወይም የሒሳብ ባለሙያዎን ይጠይቁ። ዜግነት ለማመልከት ላሰቡ አንባቢዎቻችን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የዜግነት ማመልከቻው ፎርም (ኤን-400) ያልተከፈለ ግብር አለብዎት ወይ ብሎ በግልጽ ይጠይቃልና።

3. ማስተናገጃውን ይለውጡ፣ ስሙን ግን አይለውጡ

የድረ ገጽ ስም (ዶሜይን) እና ማስተናገጃ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማስተናገጃው የተከራዩት ቤት ነው፤ ስሙ ግን በበሩ ላይ የሰቀሉት የንግድ ምልክትዎ ነው። ከቤቱ ቢወጡ ምልክትዎን ነቅለው ሌላ ቤት ላይ ይሰቅላሉ። ምልክቱ የሌላ ሰው ከሆነ ግን ይዘውት የሚሄዱት ነገር የለም።

ስም መዝጋቢው ድርጅት እንደ ባለመብት የሚያውቀው በመዝገቡ ላይ ስሙ የተጻፈውን ሰው ነው። ስሙ ሊያልቅበት ሲል መዝጋቢው አንድ ወር ገደማና አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ማስጠንቀቂያ የመላክ ግዴታ አለበት። ማስጠንቀቂያው የሚሄደው ግን በመዝገቡ ወዳለው አድራሻ ነው። በምሳሌያችን ያሉት እናት ምንም ያልሰሙት ለዚህ ነው፤ ደብዳቤው የሚላከው ወደ ልጁ ነበር። ጊዜው አልፎ ስሙ ከተሰረዘ ደግሞ እንደ ዶት ኮም ባሉት ስሞች ባለመብቱ ተጨማሪ ክፍያ ከፍሎ የሚመልስበት 30 ቀን አለ። ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል።

ስለዚህ ስሙን በራስዎ ስም፣ በራስዎ ኢሜይልና በራስዎ ካርድ ይመዝግቡ። አንድ የዶት ኮም ስም ብዙውን ጊዜ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው። ይህችን ለመቆጠብ ብለው የሱቅዎን ስም በሰው እጅ አያስቀምጡ።

4. የሚሰጡት ቦታ የርስዎ ነውን?

የሱቅ መስታወት ላይ ከመለጠፍዎ በፊት የኪራይ ውልዎን ያንብቡ። ብዙ ውሎች ምልክትና ማስታወቂያ ለመለጠፍ የአከራዩን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ከተማውም ስለ ምልክቶች የራሱ ደንብ ሊኖረው ይችላል።

የታክሲ ባለቤቶች ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባችኋል። ለምሳሌ በኒው ዮርክ ከተማ በታክሲ ጣራ ላይ ማስታወቂያ ለመስቀል ከታክሲና ሊሙዚን ኮሚሽኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሌሎችም ከተሞች ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ከውስጥም ሆነ ከውጭ ምን እንደሚፈቀድ በደንቡ ስለሚወስን አስቀድመው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። መኪናውን በኪራይ የሚነዱ ከሆነ ደግሞ የማስታወቂያው ቦታ የባለንብረቱ እንጂ የርስዎ ላይሆን ይችላል። በሰው በሬ እርሻ ውል አይገቡም።

ልውውጡ በድረ ገጽዎ ላይ የስፖንሰሩን ማስፈንጠሪያ (ሊንክ) ማስቀመጥን የሚጨምር ከሆነ፣ በአገልግሎት ልውውጥ የተሰጠ ሊንክ በጎግል ደንብ እንደ ተከፈለበት ይቆጠራል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2019 ለዚሁ «ስፖንሰርድ» የሚል የኮድ ምልክት አውጥቷል። ድረ ገጹን የሚሠራው ሰው ይህን እንዲያደርግ ይንገሩት፤ አለበለዚያ ድረ ገጽዎ በፍለጋ ውጤት ወደ ታች ሊወርድ ይችላል።

5. ሥራውን የሚሠራው ማን ነው?

ሁለት የንግድ ድርጅቶች ቦታ በቦታ ሲለዋወጡ የኢሚግሬሽን ጥያቄ ብዙም አይነሣም። ጥያቄው የሚነሣው የሰው ጉልበት ሲገባበት ነው። ድረ ገጹን የሚሠራልዎት በተማሪ ቪዛ (ኤፍ-1) ያለ ወጣት ከሆነና እርስዎ በምትኩ ምሳ የሚያበሉት ወይም ምድር ቤት የሚያሳድሩት ከሆነ፣ ሁለታችሁም «ገንዘብ አልተከፈለም» ብላችሁ ልትጽናኑ ትችላላችሁ። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ለአሠሪዎች ያወጣው መመሪያ ግን ለሥራ የሚሰጥ ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ፣ ምግብና ማደሪያ ጭምር፣ ክፍያ ነው ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት ለሚቀጥሩት ሠራተኛ አይ-9 የሚባለውን ፎርም መሙላት አለብዎት። በራሱ ድርጅት ስም ለሚሠራ ባለሙያ አይ-9 ባይሞላም፣ የሥራ ፈቃድ እንደሌለው እያወቁ ማሠራት ለርስዎም ክልክል ነው። ለወጣቱ ደግሞ ያለ ፈቃድ መሥራት የተማሪነት መብቱን ሊያሳጣው ይችላል። ለልጁ አዝነው ያደረጉት ውለታ የወደፊት ኑሮውን ሊያበላሽበት እንደሚችል ያስቡ። ሥራ ፈቃድ ያለው ሰው ይያዙ፤ ጥርጣሬ ካለ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቁ።

6. ደብዳቤውና ውሉ

ጥያቄዎን በአጭር ደብዳቤ ያቅርቡ። ሞዴሉ ይኸውና፦

«ለ……… ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ጉዳዩ፦ የድረ ገጽ ማስተናገጃን በማስታወቂያ ቦታ ስለ መለወጥ
በ……… መንገድ ላይ የምገኝ የ……… ሱቅ ባለቤት ነኝ። በሳምንት በአማካይ ……… ደንበኞች ይጎበኙኛል። ድርጅትዎ ለአንድ ዓመት ማስተናገጃ ቢሰጠኝ፣ እኔ በምትኩ ስፋቱ ……… የሆነ ማስታወቂያዎን በመግቢያው መስታወት ላይና በድረ ገጼ ግርጌ አወጣለሁ። የሁለቱንም ዋጋ በዓመት ……… ዶላር ገምቼዋለሁ። የድረ ገጹ ስም በእኔ ስም ተመዝግቦ ይቆያል። ፈቃድዎ ከሆነ ተገናኝተን ውሉን እንድንጽፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

የደንበኛውን ቁጥር አያጋንኑ፤ አንድ ሳምንት ቆጥረው እውነተኛውን ይጻፉ። ስፖንሰሩ ሱቅዎ መጥቶ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ ያፍሩበታልና።

ሲስማሙ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ እነዚህን ያስፍሩ፦

— የሁለቱን ወገን ዋጋ በዶላር፤
— የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን፤
— የማስታወቂያውን ስፋትና ቦታ፤
— የድረ ገጹ ስም፣ ጽሑፍና ፎቶግራፍ የርስዎ መሆኑን፤
— በየወሩ ሙሉ ቅጂ የሚሰጥዎት መሆኑን፤
— አንዱ ወገን ማቆም ቢፈልግ ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ የሚያስታውቅ መሆኑን፤
— ከሁለት አንዱ ሥራውን ቢዘጋ ምን እንደሚሆን።

ሁለታችሁም ፈርሙ፤ አንድ አንድ ቅጂ ያዙ። ለግብር ሰነድዎም የሚያገለግለው ይኸው ወረቀት ነው።

እዚህ ላይ የሚያስቸግረን ይሉኝታ ነው። «ለአገሬ ልጅ እንዴት ወረቀት አምጣ እላለሁ?» እንላለን። ነገር ግን ወረቀቱ አለመተማመንን አያሳይም። እሱ ሥራ ሲለውጥ፣ እርስዎ ሲታመሙ ወይም ሱቁን ለልጅዎ ሲያስረክቡ የተባባላችሁትን የሚያስታውስ ሌላ ምስክር የለም። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ውል የሌላቸው ወዳጆች ሲካሰሱ እንጂ ውል የጻፉ ወዳጆች በልቅሶና በሠርግ ሳይገናኙ ሲቀሩ ብዙም አላየንም።

እንግዲህ ነገ አንድ ሰው መጥቶ «በነጻ አደርግልዎታለሁ» ቢልዎት እሺ ከማለትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ስንት ያወጣል? ስሙ በማን እጅ ነው? የት ተጽፏል? ሦስቱ መልስ ካገኙ ማስታወቂያውን በደስታ ይለጥፉ። ድረ ገጽ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ሱቁን ዘግታችሁ ወይም ታክሲውን አቁማችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ስሙ በማን ስም እንደ ተመዘገበና መቼ እንደሚታደስ አረጋግጡ።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ትምህርት የቀረበ ስለ ሆነ፣ ለራስዎ ጉዳይ የሒሳብ ባለሙያና ጠበቃ ያማክሩ። በሚቀጥለው ዓምዳችን እስክንገናኝ ገበያችሁን ያሙቀው፤ መንገዳችሁን ያቅናው።