የሰውነት እንቅስቃሴም እንደ መድኃኒት መጠን አለው



ለምርመራ ከሚመጡ ባልና ሚስቶች በየጊዜው የምንሰማቸው ጥያቄዎች አሉ። “ደም ግፊት አለብኝ፤ ስፖርት ልሥራ ወይስ ልተው?”፣ “ነፍሰ ጡር ነኝ፤ እንቅስቃሴ ፅንሱን አይጎዳብኝም?” የሚሉ ናቸው። ለአብዛኞቹ መልሱ “ይሥሩ” የሚል ነው። ዓይነቱና መጠኑ ግን እንደ እያንዳንዱ ሰው ጤንነት ይለያያል።

ጥቅሙ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ሐኪም የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አስመልክቶ ያደረጉት ጥናት ታተመ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ቲኬት የሚቆርጡት በልብ ሕመም የሚጠቁት በቁጥር አንሰው ተገኙ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ማንኛውም አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ይህም በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን እንደ ማለት ነው። የሚከለክል ችግር ከሌለባቸው ነፍሰ ጡሮችና አራሶችም ምክሩ ይመለከታቸዋል። “መጠነኛ” የሚባለው እየተራመዱ መነጋገር የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ነው።

ባለሙያው ምን ይሠራል?

በአገራችን ለሕመምተኞች እንቅስቃሴ የሚያዙትና የሚያሠሩት በተለይ በሆስፒታል ያሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ናቸው። በከተማ ደግሞ ብዙዎቻችን በቅርባችን ወዳለ ጂም እንሄዳለን። በሁለቱም ቦታ ጥሩ ባለሙያ ከማሠራቱ በፊት ይጠይቃል። ምን ሕመም አለብዎት? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ከወለዱ ስንት ጊዜ ሆነዎት? ይላል። ደም ግፊት ይለካል ወይም አስለክታችሁ እንድትመጡ ያደርጋል፤ ከጥቂት ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ የማይገባው ነገር ሲያይ ወደ ሐኪም ይልካል። “መድኃኒትህን ተው” አይልም። ምንም ሳይጠይቅ በመጀመሪያው ቀን ከጤነኞች ጋር የሚያስዘልል አሠልጣኝ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። እናንተም የምታውቁትን አትደብቁት።

በየሕመሙ ልታውቁት የሚገባ

1. የደም ግፊት፦ ግፊቱ 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ሕክምና፣ ከዚያ በኋላ ስፖርት። ክብደት ሲያነሡ ትንፋሽ አይያዙ፤ ትንፋሽ መያዝ ግፊቱን በድንገት ያሻቅበዋል። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚቀንሱ ድካምን በምት ቆጠራ መለካት ያሳስታል። በመነጋገር መቻል ይለኩ።

2. የስኳር በሽታ፦ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚወስዱ ሰዎች በባዶ ሆድ መሥራት የለባቸውም። የሚጾሙም ይህንን ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረኃብና ማዞር የስኳር ማነስ ምልክቶች ናቸው። ሲታዩ ወዲያው ማቆምና ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት ያስፈልጋል። ሰውየው ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይሰጠው፤ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ይወሰድ። ከሥራ በፊትና በኋላ እግርን ማየትም አይዘንጋ።

3. እርግዝና፦ በእግር መጓዝ ለብዙዎች ይስማማል። ከ3 ወር በኋላ ለረጅም ጊዜ በጀርባ ተኝቶ መሥራት፣ እንዲሁም መውደቅ ወይም ሆድ መመታት የሚያመጣ ጨዋታ ይቅር። ደም ወይም የሽርት ውኃ ከፈሰሰ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም የባት እብጠትና ሕመም ከተሰማ አቁመው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። በእርግዝና ምክንያት ግፊቷ የጨመረ ወይም ከባድ የደም ማነስ ያለባት እናት ሐኪም ሳይፈቅድላት ስፖርት አትጀምር።

4. የወሊድ መቆጣጠሪያ፦ ሉፕም ሆነ ክንድ ሥር የሚቀበረው ስፖርት አይከለክልም። ክንድ ላይ ካስቀበሩ ግን ለጥቂት ቀናት በዚያ ክንድ ከባድ ዕቃ አያንሡ።

በዝምታ የሚያዝ ችግር

ከወለዱ በኋላ ሲያስሉ፣ ሲስቁ ወይም ሲዘሉ ሽንት የሚያመልጣቸው እናቶች ብዙ ናቸው። አንዲት እናት ክብደት ለመቀነስ ጂም ገባች እንበል። ገመድ ስትዘል ሽንቷ አመለጣት። አፈረችና ቀረች። ለአሠልጣኙ አልነገረችም፤ ለባሏም አልነገረችም። እርሱም “ሰነፈች” ብሎ ታዘባት። ብትናገር ኖሮ ባለሙያው ዝላዩን ትቶ የማኅፀን ወለል ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ያስጀምራት ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሽንትንና አየርን ለመያዝ እንደሚደረገው ሁሉ ከታች ያለውን ጡንቻ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይሳቡ፤ ጥቂት ሴኮንድ ይዘው ይልቀቁ። ሆድና መቀመጫ አይጨመቅ፤ ትንፋሽ አይያዝ። 8 ጊዜ ደጋግመው በቀን 3 ዙር፣ ቢያንስ ለ3 ወር ይሥሩ። ሽንት በመሽናት ላይ እያሉ ግን አይለማመዱት።

ከረጅም ምጥ በኋላ ሽንት ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ግን ፊስቱላ ሊሆን ስለሚችል እንቅስቃሴ ብቻውን አያድነውም። ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ለእነዚህ እናቶች ነፃ ሕክምና ይሰጣል፤ ከቀዶ ሕክምናው ጎን ለጎንም የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት አለው።

ለባልና ሚስት

ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ባል ለሚስቱ ይንገራት፤ የሕመሙን ምልክትና የመድኃኒቱን ሰዓት ትወቅ። ሚስት ከወሊድ በኋላ የቀራትን ችግር ለባሏ ትንገረው፤ እርሱም ሳይታዘብ ያድምጥ። ከተቻለ ማታ ከሥራ መልስ አብራችሁ ተራመዱ። አንዱ ሲያዞረው ሌላው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቀው ቀድሞ ከተነጋገራችሁ ብቻ ነው።

ስፖርት ከመጀመራችሁ በፊት ብቅ ብላችሁ ግፊታችሁን አስለኩ፤ የምትወስዱትን መድኃኒትም ይዛችሁ ኑ። አሳፋሪ መስሎ የሚታያችሁን ጥያቄ ሳይቀር ለነርሷ ወይም ለአዋላጇ ንገሯት። ሥራዋ ነውና አትደነግጥም።